የግራው ጆሮ

ኢንስፔክተር የትናየት የከብት ገበያው አጥር ጥግ ስትደርስ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሬሳው ገና ከቅርጫቱ አልተፈታም።

ደምለው የሚባል የገንዳ ውሃ ከተማ ነዋሪ ከሱዳን በኩል አሮጌውን ገዝቶ ያመጣው ባለ ረጅም ክንድ ቢጫ መኪና አለ። በክንዱ ጫፍ ሰው የሚቆምበት የብረት ሳጥን ተንጠልጥሏል፤ ሰዉ ቅርጫት ይለዋል። ዛፍ ቆራጩ እዚያ ውስጥ ቆሞ የመብራት ሽቦ የነኩ፣ ጣራ ላይ የተጋደሙ ቅርንጫፎችን በሞተር መጋዝ ይቆርጣል። የተቆረጠው ለማገዶ ይሸጣል። ያን ቀን ጠዋት ክንዱ ከኩመሩ ዛፍ በላይ ባዶውን እንደተዘረጋ ቀርቷል፤ ቅርጫቱ ከግንዱ ሥር በጎኑ ወድቋል። ሟቹ ለጥንቃቄ ብሎ ቀበቶውን ከቅርጫቱ ፍርግርግ ጋር አስሮ ነበር። ቅርጫቱ ሲወርድ አብሮት ወረደ።

«ምንይችል ይባላል» አላት ሳጅን ሽኩር። ሽኩር የመተማ ዮሐንስ ልጅ ነው፤ በዚያ ቆላ የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው። «ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። አገሩ ከአብርሃ ጅራ ወዲያ ነው። የደምለው ሠራተኛ ነበር።»

«ደምለውስ የት አለ?»

«ጤና ጣቢያ። ወባ ጥሎታል።»

ጥቅምት ነበር። ሰሊጥ የሚያጭዱት የቀን ሠራተኞች ከተማዋን ሞልተዋታል፤ ገሚሶቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ዛፉን ከበው ቆመዋል። ከመሃላቸው አንዱ ጮኸ።

«በያጁ ነው የገደለው! ማክሰኞ ዕለት የበየደው እሱ ነው!»

«በያጁን አምጡት!» አሉ ሌሎቹ።

የትናየት ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ለሽኩር «ሁለት ሰው ይዘህ ሂድና ከነሱ በፊት አምጣው» አለችው። ከዚያ ወደ ሬሳው ጎንበስ ብላ የምንይችልን ዓይኖች ከደነች። ፊቱ ላይ ያለው አቧራ ብቻ ነበር፤ ጉዳቱ ሁሉ ከኋላው ነው። አንዲት አንገቷን በጥቁር ሻሽ የጠመጠመች ሴት ከተቆረጡት ቅርንጫፎች አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች። ባየሽ ትባላለች፤ ደምለው የሚቆርጠውን እንጨት ተረክባ የምትሸጥ። ቅርጫቱ ሲወድቅ እሷ ከታች ጭራሮ እየሰበሰበች ነበር።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ የትናየት ክንዱን አስወርዳ ጫፉን ተመለከተች። ቅርጫቱን ከክንዱ ጋር የሚያያይዙት ሁለት የብረት ጆሮዎች ናቸው፤ ፔርኖ የሚባል አንድ ወፍራም የብረት ዘንግ በሁለቱም ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። የቀኙ ጆሮ በብየዳ ጠቁሮ ተጣሟል። የግራው ተሰብሯል። ስለ ብረት ብዙ አታውቅም። ሁለቱም በእሳት ተቆርጠው ከክንዱ እንዲወጡና ወደ ጣቢያ እንዲሄዱ አዘዘች።

*

በያጁ ዋኘው ስልሳ ሊደፍን የቀረበ፣ ሽፋሽፍቱን የብየዳ እሳት የጨረሰው ሰው ነው። ሲያመጡት ሸሚዙ ተቀዶ፣ ከንፈሩ ደምቶ ነበር። የቀን ሠራተኞቹ ቀድመው አግኝተውታል።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት በየድሁ» አለ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ። «የውሃ ቦቴ በየድሁ፣ የትራክተር ማረሻ በየድሁ። የኔ ብየዳ ሰው ገድሎ አያውቅም።»

«ማክሰኞ ምን ሠሩ አቶ ዋኘው?»

«የቅርጫቱ ጆሮ ተሰንጥቆ ደምለው ይዞት መጣ። ስንጥቁን ሞርጄ፣ ሁለት ጊዜ ደርቤ በየድሁለት። ስጨርስ መብራት ሄደ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም። ‹ቀለም የለኝም፣ ዝገት ሳይጀምረው ቀለም ቀባው› አልሁት። በቃ።»

የትናየት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ ገለጠች። ሽማግሌው ሁለቱን ብረቶች ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። መጀመሪያ ያነሣው ጠቆር ያለውን ነው። በአውራ ጣቱ ስፌቱን ተከትሎ ዳሰሰው፤ ወደ መስኮቱ ወስዶ አገላበጠው።

«ይኸውና» አለ። «ይኸውና ብየዳዬ። ጆሮው ተጣሞ ፔርኖው ሾለከ እንጂ ስፌቱ አልተላቀቀም። እዪው ልጄ፤ አልተላቀቀም!»

«ታዲያ የተሰበረው የትኛው ነው?»

«ይሄ የግራው ነው። እኔ የግራውን አልነካሁም፤ ጤነኛ ነበር።»

ብረቱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ጠርዙን አገላበጠ።

«ምን አዩ?»

«ሲጌቶ» አለ። «ሰው በእጅ መጋዝ ቆርጦታል። ይኸን ለስላሳውን እዪ፤ ከአራት ሦስት እጁ ተቆርጧል። የተገነጠለው ይኼ ሸካራው ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኖ፣ ላዩን ቀለም ቀብቶታል።»

የትናየት ተጠግታ አየች። በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ስቱኮ ተጣብቋል። ከላዩ ያለው ቢጫ ቀለም አዲስ ነው፤ ጥፍሯን ስታሳርፍበት ገባ።

«የተበየደው ጆሮ ሳይቀባ ያልተበየደው ተቀባ» አለች ለሽኩር። «አቶ ዋኘውን ውሃ አጠጧቸው። ከንፈራቸውን እዩላቸው። ቤታቸው የሚሄዱት ግን ከተማው ሲረጋጋ ነው።»

*

ደምለው ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። አርባ ዓመት ይሆነዋል። ወባው ሲያንቀጠቅጠው ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«እኔ ነበርሁ መውጣት የነበረብኝ» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ረቡዕ ቀትር ላይ ነው የጀመረኝ። ምንይችል ደግፎ እዚህ አመጣኝ፤ እስኪመሽ አጠገቤ ዋለ። ዛሬ ጠዋት ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ‹አንተ ተኛ፣ አንድ ቅርንጫፍ ናት፣ ቆርጫት እመለሳለሁ› አለኝ።»

«ከረቡዕ ቀትር እስከ ማታ መኪናው የት ነበር?»

«ግቢዬ ውስጥ። ከባየሽ የእንጨት መሸጫ ጋር የምንለየው በጭራሮ አጥር ነው።»

«ቤትህ ቢጫ ቀለም አለ?»

«የለም።»

የብረቱን ነገር ነገረችው። የደምለው መንቀጥቀጥ ለአፍታ ቆመ።

«ሆን ተብሎ?» አለ። «ምንይችልን? ምንይችል እኮ በሬ እንኳ ሲታረድ ዞሮ የሚሄድ ሰው ነው።»

«ጠላት አልነበረውም?»

ደምለው ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። «ጠላት ካልሽው … ክረምት ላይ ከአቶ አትክልት ጋር ተጣልቷል። ባለሀብቱን ታውቂዋለሽ፤ ሰሊጥ ያለው። የእርሻውን ዳር ሲያሰፋ የእጣን ዛፎች አስቆርጦ ለማገዶ ሸጠ። ምንይችል አይቶ ለደን ጠባቂዎቹ መሰከረበት። አቶ አትክልት ገበያ መሃል ‹ምላስህን ታገኛታለህ› ብሎታል። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

የትናየት ማስታወሻዋ ላይ አንድ ስም ጻፈች።

ከዚያ ወደ ባየሽ ሄደች። የባየሽ ግቢ በተከመረ እንጨት የተሞላ ነው፤ የቅርቅራ ዛፉ ለብቻ፣ የግራሩ ለብቻ። ከኋላ ያለችውን አንዲት ክፍል ምንይችል ተከራይቷት ነበር። ጎረቤቶች ድንኳን ለመትከል ከዚያው ግቢ እንጨት እየመረጡ ነው።

«ረቡዕ ከቀትር በኋላ እዚህ ነበርሽ?»

«የት እሄዳለሁ? እንጨት ፈላጭ ቀጥሬ አስፈልጥ ነበር።»

«ወደ ደምለው ግቢ የገባ ባዕድ ሰው አየሽ? ብረት ሲቆረጥ አልሰማሽም?»

«በመጥረቢያው ድምፅ ምን ይሰማል ብለሽ! ባዕድ ሰው ግን አልገባም። ቢገባ አየው ነበር፤ በሩ ይኸው ፊት ለፊቴ ነው።» ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ለወንድሙ የደወልሁለት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ መርዶ በስልክ ይነገራል? ግን ሙቀቱ ሬሳ አያቆይም።»

*

ቀብሩ አርብ ጠዋት ሆነ። እናቱ አልደረሱም፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ታግዶ አደረ ተባለ። አገኘሁ የሚባለው የምንይችል ታላቅ ወንድም ብቻ ደርሷል። ረዘም ያለ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ሌላው ሲያለቅስ እሱ አላለቀሰም፤ አፈሩ ሲመለስ ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘው አቆሙት። ደምለው ታሞ ቢሆንም በሰው ተደግፎ መጥቶ ነበር። እሱ «ወንድሜን» እያለ ሲያለቅስ፣ አገኘሁ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አዞረ።

የትናየት ከለቀስተኛው ገለል አድርጋ አነጋገረችው።

«የት ነው የምትሠራው?»

«አቶ አትክልት እርሻ። የማሽን ጥገና።»

ኢንስፔክተሯ ሽኩርን ቀና ብላ አየችው። «ወንድምህ ከአቶ አትክልት ጋር መጣላቱን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«በዚህ ሳምንት ከእርሻው ወደ ከተማ የመጣ ሰው ነበር?»

«እኔ ከመስቀል ወዲህ ከእርሻው አልወጣሁም» አለ። «ሌላውን አላውቅም።»

እጆቹን አየቻቸው። ወፍራም፣ የዘይት ጥቁረት ያልለቀቃቸው፣ የሠራተኛ እጆች ነበሩ። «እግዜር ያጽናህ» ብላው ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሽኩር ቀለም የሚሸጡትን ሱቆች በሙሉ አዳረሰና ተመለሰ።

«ወላሂ ኢንስፔክተር፣ ቢጫ የዘይት ቀለም በከተማው የለም። ያለቀው ከመስቀል በፊት ነው። የመጨረሻዎቹን ቆርቆሮዎች የወሰደው ማን መሰለሽ? የአቶ አትክልት እርሻ። ለተሳቢ ጋሪዎች።»

*

ቅዳሜ ማለዳ ወደ እርሻው ሄዱ። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ዳርና ዳሩ የታጨደ ሰሊጥ በነዶ በነዶ ቆሟል። በየመሃሉ ብቻቸውን የቀሩ የእጣን ዛፎች ይታያሉ፤ አንዳንዶቹ በቁማቸው ደርቀዋል።

አቶ አትክልት የጎንደር ሰው ነው፤ ወፍራም፣ ነጭ ባርኔጣ ያደረገ። ከመጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ» አለ። «ገበያ መሃል አፌን አበላሽቻለሁ። ዛፉንም ቆርጫለሁ፤ ተቀጥቻለሁ። ሰው ግን አልገደልሁም።»

«ረቡዕ ዕለት የት ነበሩ?»

«ጎንደር። ልጄ ታማ ሐኪም ዘንድ ነበርሁ። ሐሙስ ማታ ነው የተመለስሁት። ሐኪሙን ጠይቂ።»

«ሰው መላክ ይቻላል።»

«ይቻላል!» አለ አትክልት ተቆጥቶ። «እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ምንይችልን ልግደል ብል፣ ደምለው የሚወጣበትን ቅርጫት አስቆርጣለሁ? አገር ያውቃል እኮ! ያ ሰው ከገዛው ጀምሮ ከሱ በቀር ማንም ወጥቶበት አያውቅም። ‹የሰው ልጅ ጥዬ ዕዳ አልገባም› እያለ ሠራተኞቹን ሁሉ ከታች ነበር የሚያቆማቸው።»

የትናየት ማስታወሻዋን ወደ ደምለው ቃል መልሳ ገለጠች። ፀሐዩ ናላ ያዞራል። ሽኩር ወደ እሷ ዞሮ የፊቷን መለወጥ አየ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ደምለው ሐሙስ ታሞ እንደሚውል ማንም አያውቅም ነበር። ምንይችል ራሱ የወሰነው ሐሙስ ጠዋት ነው። ብረቱን የቆረጠው ሰው ግን ረቡዕ ቆርጦ ጨርሷል። ሁለት ቀን ሙሉ የምንይችልን ጠላት ስትፈልግ ነበር። ቅርጫቱ የተቆረጠው ለደምለው ነው።

«የጥገና ቤቱን አሳዩኝ» አለች።

የጥገና ቤቱ ቆርቆሮ ጣራ ያለው፣ ግድግዳ የሌለው መጠለያ ነው። ቢጫ የተቀቡ ተሳቢዎች ዙሪያውን ቆመዋል። መደርደሪያው ላይ በግማሽ የተነካ የቢጫ ቀለም ቆርቆሮ፣ የስቱኮ ጣሳ፣ ሦስት ሲጌቶዎች አሉ። ሽኩር አንዷን አንስቶ ወደ ብርሃን አዞራት። በጥርሶቿ መካከል ቢጫ ቅርፊት ተሰግስጓል።

«እዚህ የሚሠራው ማን ነው?»

«አገኘሁ ብቻ» አለ አትክልት። «ሌላ መካኒክ የለኝም።»

አጠገባቸው ያለው ማዕድ ቤት ነበር። ለሠራተኞቹ የምታበስለው ዘምዘም የምትባል ጠይም ሴት በትልቅ ብረት ድስት ወጥ ታማስላለች። ሽኩር በዐረብኛ ሰላም አላት፤ እሷም በዐረብኛ መልሳ በአማርኛ ቀጠለች።

«እግዜር ያጽናው በሉት አገኘሁን። ምስኪን። ከሄደ ጀምሮ እህል አልቀመሰም ይሆናል።»

«ከመርዶው በፊትስ ከእርሻው ወጥቶ ያውቃል?» አለች የትናየት።

«በውሃ ቦቴው ወጥቶ ነበር፤ ረቡዕ። ጠዋት ሄዶ ማታ ተመለሰ።»

«ረቡዕ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ለሻይ የማፈላውን ከርከዴ እንዲያመጣልኝ ላክሁት፤ የቤቱ አልቆብኝ ነበር። ባዶ እጁን መጣ። ‹ረሳሁት› አለኝ። አገኘሁ የላኩትን የሚረሳ ሰው አይደለም፤ ገረመኝ። እራቱንም ሳይበላ ተኛ። በማግስቱ ያ መርዶ መጣ።»

*

ወደ ከተማው ተመለሱ። ሽኩር ግማሽ መንገድ ላይ «የገዛ ወንድሙን?» አለ።

«ወንድሙን አይደለም» አለች የትናየት። «እሱ አላወቀም።»

በቀጥታ ባየሽ ግቢ ገቡ። ድንኳኑ ሰው ሞልቶታል። ባየሽን ወደ እንጨቱ ክምር ጀርባ ጠራቻት።

«ባየሽ፣ ረቡዕ ዕለት ባዕድ ሰው አልገባም ብለሽኛል።»

«አልገባም። በማርያም።»

«ዘመድስ?»

ባየሽ ግራ ገባት። «ዘመድማ … አገኘሁ መጥቶ ነበር። ወንድሙን ሊያይ። ምንይችል ጤና ጣቢያ ነው ብለው ‹ግድ የለም፣ ደምለው ግቢ ጥላው ጥሩ ነው፣ እዚያ ሆኜ እጠብቀዋለሁ› አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ፣ ሲዘገይበት ሄደ።» ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «ማታ ለምንይችል ስነግረው እንዴት ደስ አለው መሰለሽ! ‹ደምለው ግቢ ገባ? ራሱ ገባ?› አለኝ ሁለት ጊዜ። ሊደውልለት ሞከረ፤ እርሻው ላይ ኔትወርክ የለም።»

«ደምለው ግቢ መግባቱ ለምን ደስ አሰኘው?»

«እሱን ደምለውን ጠይቂው» አለች ባየሽ። «የታረቀ ነገር በኔ አፍ አይነሳም።»

ደምለው ቤቱ አልጋ ላይ ነበር። ትኩሳቱ በርዷል።

«ያን ዕለት የምንይችልን ጠላት ጠየቅሁህ» አለችው። «አሁን ያንተን ልጠይቅህ።»

ደምለው ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ወዲያው ገባው። ዓይኖቹን ጨፈነ።

«አባቴ ውባንተ» አለ በመጨረሻ፣ «የነሱን አባት ገደለ። በእርሻ ድንበር። እኔ ያኔ ሱዳን ነበርሁ። አባቴ ተፈርዶበት እስር ቤት ሞተ። ደሙ በኔ ላይ ቀረ። ከሦስት ዓመት በፊት ሽማግሌ ላክሁ፤ ድንጋይ ተሸክሜ ተንበረከክሁ። ድንጋዩን ከትከሻዬ ያወረደልኝ ምንይችል ነው። ‹እኔ ደም አልፈልግም፤ ሥራ ስጠኝ› አለኝ። አገኘሁም መጣ፤ ከማዕዱ አንድ ጊዜ ቆረሰ። እናታቸው ግን አልመጡም። እስከ ዛሬ ከል አላወለቁም።»

«ይህን ለምን አልነገርኸኝም?»

«ታርቀን ምለናል። የታረቀ ደም ያነሣ የተረገመ ነው። ደግሞስ የሞተው ምንይችል ነው፤ እኔን ምን …» አልጨረሰውም። ብርድ ልብሱን አፉ ላይ ይዞ ወደ ግድግዳው ዞረ።

*

አገኘሁን ከድንኳኑ ሲጠሩት ከወለሉ ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ። ለምን ብሎ አልጠየቀም። ጫማውን አደረገና ከፊታቸው ሄደ። ለቀስተኛው ለሌላ ምርመራ የተፈለገ መሰለው፤ ማንም ቀና አላለም።

ጣቢያው ውስጥ የትናየት ሲጌቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ከመስቀል ወዲህ ከእርሻው አልወጣሁም ብለኸኛል።»

አገኘሁ ሲጌቶዋን አያት።

«ረቡዕ ነው» አለ። «ሌላ ቀንም አስቤ ነበር፤ ግቢው ሰው አይጠፋበትም። ያን ዕለት ባዶ ሆነልኝ። ስቱኮውንና ቀለሙን በከረጢት ይዤ ነበር።»

«ሐሙስ ደምለው ይወጣል ብለህ።»

«ሌላ ማን ይወጣል? ቢታመምም ሲሻለው የሚወጣው እሱ ነው ብዬ። ከሱ ሌላ ወጥቶ ያውቃል?»

«ታርቃችኋል፤ ምለሃል።»

«ምንይችል ታረቀ። እኔ አልታረቅሁም። እናቴ ዘንድ በሄድሁ ቁጥር ጥቁር ለብሳ አገኛታለሁ። እህል ስታቀርብልኝ ‹የአባትህ ገዳይ ልጅ እንዴት ከረመ?› ትለኛለች። ሌላ አትለኝም። ሦስት ዓመት።» መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። «ምንይችል ይመጣና ስለ ደምለው ያወራኛል። ዛፍ አቆራረጥ እንዳስተማረው፣ ሲታመም እንዳስታመመው። እኔ የምሰማው የእናቴን ድምፅ ነው።»

ሽኩር መጻፉን አቆመ።

«ሐሙስ ጠዋት ኔትወርክ የምትይዝ ጉብታ አለች፤ እዚያ ወጥቼ ተቀመጥሁ» አለ አገኘሁ። «ባየሽ ደወለች። ታለቅሳለች። ‹ከቅርጫቱ ሰው ወደቀ፣ ሞተ› አለችኝ። እኔ … እፎይ አልሁ። በልቤ ‹አባቴ፣ ተኛ› አልሁ። እንዲህ ብዬ እንዳበቃሁ ‹ወንድምህን፣ ምንይችልን› አለችኝ።»

ቀብሩ ላይ ያላነባው እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ ድምፅ አልነበረውም። የትናየት ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ሃያ ዓመት በሠራችበት ሥራ ወንጀለኛ ሲገኝ ሁልጊዜ ትንሽ ቀለል ይላት ነበር። ያን ዕለት ግን ቀለል አላላትም። ሽኩርን «አቶ ዋኘውን ቤታቸው አድርሳቸው» አለችው። «ይቅርታ ጠይቅልኝ። ለሰዉም ብየዳቸው እንዳልተላቀቀ አንተው ተናገር፤ ጮክ ብለህ።»

*

የምንይችልና የአገኘሁ እናት ወይዘሮ ስርጉት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደረሱ። ከአውቶቡሱ ወርደው ቀጥታ ወደ ጣቢያው ነው የመጡት፤ መንገድ ላይ ግማሹን ሰምተዋል። ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ጥቁሩ ቀሚሳቸው ከብዙ እጥበት ቡናማ ሆኗል።

የትናየት ወንበር አቀረበችላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ንገሪኝ ልጄ» አሉ። «ሁሉንም ንገሪኝ። ምንም አታስቀሪ።»

ነገረቻቸው። አልጮኹም፤ ፊታቸውን አልነጩም። ስትጨርስ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረጉ።

«መጋዙን ያቀበልሁት እኔ ነኝ» አሉ። «በወረቀትሽ ላይ ጻፊው።»

«እናቴ፣ ይህን ሕግ አይጽፈውም።»

«እንግዲያ እኔ አውቀዋለሁ።» ወደ ግቢው ተመለከቱ። «አገኘሁ እህል ቀምሷል?»

«እምቢ ብሏል።»

«ስንቅ ማን ያቀብለዋል? የኔ አገር ሩቅ ነው፤ ጉልበቴም አልቋል። እዚህ ዘመድ የለውም። የነበረው አንድ ነበር።»

ከበሩ ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ደምለው ጋቢ ለብሶ ቆሞ ነበር። መምጣታቸውን ሰምቶ ነው፤ ለመግባት ግን አልደፈረም። ሴትዮዋ ማን እንደሆነ ሳይነገራቸው አወቁት። የአባቱ መልክ አለው።

ደምለው መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«እኔ አለሁ እናቴ» አለ። «ስንቁን እኔ አቀብለዋለሁ።»

ወይዘሮ ስርጉት ከላይ ሆነው ተመለከቱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው በክንዱ ይዘው አነሡት። ጉልበቱ በወባው ደክሟልና ሁለቱም ተንገዳገዱ።

ሰኞ ቀትር ላይ ደምለው የምሳ ዕቃ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ እንደ ደንቡ መዝገቡን ገለጠ።

«ለእስረኛው ምኑ ነህ?»

ደምለው የምሳ ዕቃውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። የትናየት ከቢሮዋ በመስኮት ትሰማ ነበር።

«ወንድሙ ብለህ ጻፍ» አለ።

ምሳው እንደሄደ ተመለሰ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። ደምለው የተመለሰውን ይዞ ይሄዳል፤ በማግስቱ ትኩሱን ይዞ ይመጣል። አርብ ዕለት ጠባቂው ዕቃውን ሲመልስለት ደምለው በእጁ መዘነው። ክዳኑን ከፈተ። ግማሹ ተበልቷል።

ክዳኑን መልሶ ገጠመና «ነገ ምን ይሻለዋል?» ብሎ ጠባቂውን ጠየቀ።